ባለቤቴ ፈላስፋ የሆነ ጊዜ

ባለቤቴ ፈላስፋ የሆነው በነቢያት ጾም ነው። ከዚያ በፊት መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ሥነ ዜጋ የሚያስተምር፣ ገበያ ቀን የምሸጣቸውን የሱፍ ቆቦች ተሸክሞ የሚያደርስልኝ ደህና ሰው ነበር። ትምህርት ቤቱ የፍልስፍና ክበብ ይኑረን አለና የሚመራው ሰው ተፈለገ። የስፖርቱን ክበብ ፊሽካ ላለው መምህር እንደሰጡት ሁሉ፣ ይኸኛውን ደግሞ መነጽር ስላደረገ ለእሱ ሰጡት።

እሱ ግን የምር ያዘው። ከስልኩ ላይ ንግግር ሲያዳምጥ ቆይቶ አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ፍልስፍና ወረቀት ላይ የሚቀር ነገር አይደለም፤ በየዕለቱ የሚኖሩት ነው» አለኝ።

«እንግዲያ ኑረው» አልኩት። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!

በማግስቱ ጠዋት «ውኃ አልቋል» ብዬ ብነግረው፣ «አልቋል ስንል ምን ማለታችን ነው?» አለ።

«ጀሪካኑ ባዶ ነው ማለታችን ነው።»

«ባዶ የሚባል ነገር አለ? ውስጡ አየር አለ እኮ።»

«እንግዲያው ሽሮውን በአየሩ ሥራው» ብዬ ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ጎረቤታችን እንደ ልማዱ «እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ?» ሲለው፣ «ደህና መሆን ምንድን ነው?» ብሎ በብርዱ በር ላይ ገትሮ አቆመው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ባለቤቴን ገና ከሩቅ ሲያይ ነው መንገድ የሚቀይረው።

ለገና አማቴ ከመንደራቸው መጡ። መንደራቸው ጓሳ ከሚባለው የሣር ተራራ ሥር ነው። ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙና «ደስ ብሎሃል ልጄ?» አሉት።

«ደስታ ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንዴት ይመለሳል፣ እማዬ?»

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አብልተሽው ነው?»

«ፍልስፍና ነው እማማ» አልኳቸው።

እንዲህ ያለ በሽታ ሰምተው ስለማያውቁ ለነፍስ አባታቸው ነገሩ፤ የነፍስ አባታቸውም እንዲጠመቅ አዘዙ። ባለቤቴ አላንገራገረም፤ ሁሉም ነገር መመርመር አለበት ብሎ ሄደ። በዚያ ውርጭ ተጠምቆ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሲመለስ፣ «የበረደው እኔን ነው ወይስ ገላዬን?» አለ። እናቱ አለቀሱ።

በሁዳዴ የጓሳ ሣር ተከፈተ። ይህ ሣር የማኅበረሰቡ ነው፤ ለዓመታት ተዘግቶ፣ እየተጠበቀ ይቆይና በደንቡ መሠረት ሲከፈት የየአካባቢው ሰው እኩል ድርሻውን ያጭዳል። የአማቴ ጎጆ ክዳኑ አርጅቶ ያፈስ ነበርና ማጭዳችንን ይዘን፣ በሶ ቋጥረን፣ ሦስታችንም ወጣን።

ሜዳው ላይ ሕዝቡ ተሰብስቧል። ሰብሳቢው ሽማግሌ መረቁና «ቅሬታ ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ። እንዲህ የሚባለው ለወጉ ነው፤ ቅሬታ የሚያቀርብ ኖሮ አያውቅም። ባለቤቴ እጁን አወጣ።

«አባቴ፣ ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰውና ጎጆው የሚያፈስበት ሰው እኩል ማጨዳቸው ፍትሕ ነው? ለመሆኑ ፍትሕ ምንድን ነው?»

«ይኸ ልጅ የማን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

አማቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «እኔ እንጃ» አሉ። ጴጥሮስም እንዲህ ብሎ ነበር፤ ልዩነቱ፣ በጓሳ ብርድ የሚጮኽ ዶሮ አልነበረም።

ባለቤቴ ሰው ይደነግጥልኛል፣ ዝም ይልልኛል ብሎ ነበር። የመንዝ ሰው ግን በሬው ቢሞት ይጽናናል እንጂ ክርክር ቢያመልጠው አይጽናናም። አንዱ ብድግ ብለው «ፍትሕ አባቶች ያቆዩልን ደንብ ነው» አሉ። ሌላው «የለም፣ የቸገረው ሲቀድም ነው» አሉ። ቆርቆሮ ቤት ያላቸው አንድ ሰውዬ ደግሞ በርኖሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው፣ «እኔስ ቆርቆሮ ከደንኩ፤ በሬዬ ቆርቆሮ ይበላል ወይ?» ሲሉ ግማሹ ሕዝብ አጨበጨበ። ቀትር ሲሆን ማጭዶቹ መሬት ላይ ተኝተው ሽማግሌዎቹ በሁለት ጎራ ተከፍለው ይሟገታሉ። ሴቶቹ በሷችንን ጨረስን። ከገደሉ አፋፍ የወጡ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ስለ ፍትሕ ማንንም ሳይጠይቁ ሣሩን እየነጩ በሉ። ከዚያ ጉሙ ወረደና ሰው ከሰው መተያየት አቃተው። አንድ እፍኝ ሣር ያጨደ የለም።

ወደ አማቴ ቤት ስንወርድ ከፊትም ከኋላም ይረግሙናል። ባለቤቴ ብቻ ፊቱ በርቷል። «አየሽ? ሁሉም ሰው አሰበ!»

«ሁላችንም አስበናል» አልኩት፤ «ዝናቡ ግን አስቦ አይደለም የሚመጣው።»

በማግስቱ ገና ሰው ሲሰበሰብ ሰብሳቢው ሽማግሌ ቆሙ። «ትናንት ሁላችንም ፍትሕን እናውቃለን ብለን ዋልን፤ ስለምናውቅም ሳናጭድ ገባን። አላውቅም ያለው ይኸ ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ማጨዱ በዱሮው ደንብ ይቀጥል፤ በድንበር የተጣላ ግን ወደ እሱ ይምጣ።» ሕዝቡ በሳቅ አጸደቀው። የባለቤቴ ፊት ግን አመድ መሰለ።

መጀመሪያ የመጡት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትና ድርሻው ከእሷ ጋር የሚዋሰን ሰው ናቸው። በመካከላቸው ያለችውን ቁራጭ ሣር «የኔ ናት» ይላል፤ «የኔ ናት» ትላለች።

«የኔ ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ዳኛው።

ሁለቱ ተያዩ።

«ሣሩን የተከላችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እግዜር ነው እንጂ» አለች ሴትዮዋ።

«ታዲያ በምን ያንቺ ሆነ? አንተስ ብታጣው ምንህ ይጎድላል? ብታገኘውስ ምን ትሆናለህ?»

እንዲህ እያለ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ሌላው ሰው ሁሉ ያጭዳል፤ እነሱ ይጠየቃሉ። በመጨረሻ ሰውየው ማጭዱን አነሣና «በይ ውሰጃት እህቴ፤ ይኸ ሰው ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር» አላት። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ፤ ኧረ አብረን አጭደን እንካፈላት» አለችው። ለባለቤቴ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጎን ለጎን ሆነው ማጨድ ጀመሩ።

«ፍርድ እኮ አልሰጠሁም» አለ ለሰብሳቢው ሽማግሌ።

«ለዚህ ነዋ ይግባኝ የሌለው» አሉት።

ከዚያ በኋላ የተጣላ ሁሉ «ወደ ፈላስፋው እንሂድ?» ሲባል እዚያው ይታረቅ ጀመር። ማጨዱ እስኪያልቅ ሌላ ባለጉዳይ አልመጣም። አማቴ አሁን «ልጄ ነው» እያሉ ለማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ያሳዩት ነበር።

የመጨረሻውን ሸክም አውርደን ከጎጆው ጥግ አረፍን። ባለቤቴ አንዲት ሣር በጣቱ እየጠቀለለ «ሰዎቹ የታረቁት ገብቷቸው ነው ወይስ ስለሰለቸኋቸው?» አለኝ።

ልዋሸው አስቤ ነበር። አልቻልኩም። «ሰልችተሃቸው ነው።»

የሚከፋው መስሎኝ ነበር፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታና «አንቺንስ?» አለኝ።

ከነቢያት ጾም ጀምሮ ስንት ነገር ጠይቆኛል፤ አንዱን ጥያቄ በሌላ ሳይደርብ ፊቴን እያየ መልሴን ሲጠብቅ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም ጊዜ ወስጄ መለስኩለት። ስለ ውኃው ነገርኩት፤ ደክሞኝ ከገበያ ስገባ «ድካም ምንድን ነው?» ሲለኝ ምን እንደሚሰማኝ ነገርኩት፤ አንዳንዱን ጥያቄውን ቆብ ስሠራ ብቻዬን እንደማስበው፣ እንደምወደውም ነገርኩት። አንዴም አላቋረጠኝም።

ጎጆው ክረምቱ ሳይገባ ተከደነ። ክበቡን አሁንም የሚመራው እሱ ነው፤ የሚቀበለው ሌላ መምህር አልተገኘም። ቤት ውስጥ ጥያቄው ቀንሷል ማለት አልችልም። ትናንት እንኳ «ወጡ ጨው በዛበት» ስለው፣ «በዛ ስንል ከምን አንጻር ነው?» አለኝ።

«ከምላሴ» አልኩት።

ጥቂት አሰበና፣ «ልክ ነሽ» ብሎ ውኃ ሊጨምርበት ተነሣ።