ቁጥር ያላቸው ቀለሞች

ነገሩ የደረሰብኝ ወረታ በተመደብኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። የመጣሁት ከሰሜን ሸዋ ነው። ሥራዬ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድና የመረጃ ባለሙያነት ነበር። ከየቀበሌው የሚመጣውን ወረቀት እሰበስባለሁ፤ ስንት ሄክታር ሩዝ፣ ስንት ሄክታር ጤፍ እንደተዘራ፣ ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ላይ ስንት ጓያና ሽምብራ እንደገባ እደምራለሁ፤ ከዚያ ለስብሰባ የሚቀርበውን ሪፖርት አዘጋጃለሁ። ቁጥር እወዳለሁ። አንድ ቀበሌ የላከው ድምር ከሌላው ገጽ ጋር ካልገጠመ ምሳ አይበላልኝም ነበር።

የምደብቀው ነገር ግን ነበረኝ። ቀይና አረንጓዴ አይለዩልኝም። ሁለቱም ለእኔ አንድ ዓይነት የደበዘዘ ቡናማ ናቸው። ልጅ ሆኜ ጓሮ ገብቼ የቀላውን በርበሬ ብቻ ለቅሜ እንድመጣ ስላክ፣ ያልደረሰውንም አብሬ ለቅሜ እመጣ ነበር። እናቴ የዓይኔ ሳይሆን የልቤ ነገር ይመስላት ነበር፤ ልብህ ሌላ ቦታ ነው ትለኛለች። ትምህርት ቤት ካርታ ስንቀባ ደኑን ሁሉ ቀይ አድርጌው፣ መምህሩ ያሾፍኩ መስሎት ገርፎኛል። ከዚያ በኋላ ዝም ማለትን ለመድኩ። ልብስ ስገዛ ነጭ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ብቻ እመርጣለሁ። መሥሪያ ቤቱ ለባለሙያዎች ሞተር ሳይክል ሲያድል፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የዓይን ምርመራ እንዳለ ስለሰማሁ ሞተር እፈራለሁ ብዬ ቀረሁ። ጓደኞቼ በሞተር እያለፉኝ እኔ በባጃጅና በእግሬ ነበር ገጠር የምወርደው።

ግራፍ በእጅ በሚሠራበት ጊዜ ችግር አልነበረብኝም። በካሬ ወረቀት ላይ አንዱን ዓምድ በሰረዝ፣ ሌላውን በነጥብ በእርሳስ እሞላው ነበር። ሚሌኒየሙ ከተከበረ ወዲህ ግን ኮምፒውተር ገባ፤ ቀጥሎ ፕሮጀክተር ተገዛ፤ ሪፖርት ሁሉ በፓወርፖይንት ይቅረብ ተባለ። ቁጥሩን እኔ አስገባለሁ፤ ቀለሙን ፕሮግራሙ ራሱ ይመርጣል። የመረጠውን እንዳለ እቀበላለሁ። ሌላ ቀለም መስጠት እንደሚቻል አላውቅም ነበር፤ ባውቅስ በየትኛው ዓይኔ ልመርጥ? መላ ብዬ የያዝኩት የመስመሮቹን ቅደም ተከተል በቃሌ ማጥናት ነበር። ከላይ ያለው ሩዝ፣ ቀጥሎ ጤፍ፣ ከሥር ዳጉሳ። እንደዚያ እያልኩ ብዙ ስብሰባ አለፍኩ።

የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት በሚቀርብበት ቀን ጠዋት ከአንድ ቀበሌ የዘገየ ወረቀት መጣ። ግራፉን በጥድፊያ እንደገና ሠራሁት። እንደገና ለማጥናት ጊዜ አላገኘሁም።

አዳራሹ ሞልቷል። ከዞን የመጡ ሁለት እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከኋላ የየቀበሌው ተወካይ ገበሬዎች ናቸው። ሦስቱ መስመሮች ግድግዳው ላይ ሲወጡ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ያ ወደ ላይ የሚወጣው የየትኛው ሰብል ነው ብሎ ጠየቀ። ከጎን ያሉትን የቀለም መግለጫ ሣጥኖች አየሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው። ጤፍ ነው አልኩ። እሱ ላይ አላበቃሁም፤ ሩዙ ደግሞ እየቀነሰ መምጣቱን፣ ለዚህም የርብ ወንዝ ጎርፍ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጨምሬ አስረዳሁ።

ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ። ከዚያ አንድ በዕድሜ የገፉ ቄስ ተነሡ። እሳቸውም እንደሌሎቹ ገበሬ ናቸው፤ ማሳቸው ወደ ጣና ዳር ነው።

«ልጄ፣ እኛ ጤፉን ትተን ሩዝ ከያዝን ቆየን። የሚቀንሰው ጤፉ ነው። እስቲ መልሰህ ተመልከተው» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። መልሼ ተመለከትኩት፤ ያው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፕሮጀክተሩን አስጠፉና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገሩ።

በማግስቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። የተሳሳተ ሪፖርት ያቀረብኩበትን ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳስረዳ ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ግምገማ ነበር። በዚያ ዘመን ግምገማ ላይ ስሙ የተነሣ ሰው ከቦታው ሲነሣ ወይም ራቅ ወዳለ ወረዳ ሲዛወር አይተናል። ቁጥሩን ቢሮ ተቀምጦ ፈጥሮት ነው የሚል ወሬ መነሣቱንም ሰማሁ። ከሁሉ ያመመኝ እሱ ነው። ከሥራ ወጥቼ እስከ መገንጠያው ድረስ በእግሬ ሄድኩና ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚለያዩትን የጭነት መኪናዎች እያየሁ ቆምኩ። መልቀቂያ ብጽፍ ይሻለኛል እያልኩ ነበር።

ደብዳቤውን የተየቡት የቢሮው ጸሐፊ ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የፎገራ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ከታይፕራይተር ጀምረው ኮምፒውተር የደረሱ፣ የቢሮውን ወረቀት ሁሉ በጣታቸው ያሳለፉ ሴት። በነጋታው የምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ሲወጣ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ቀይና አረንጓዴ አይለዩልህም፤ አይደል?» አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ፋይል የሚለዩት በክላሰር ቀለም ነው፤ የገቢ ደብዳቤ በቀይ፣ የወጪ በአረንጓዴ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀዩን አቀብለኝ ሲሉኝ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳላነብ አንድም ቀን አንሥቼ እንደማላውቅ፣ ጽሑፉ ከተላጠ ደግሞ እንደምሳሳት አይተዋል። ስብሰባው ላይ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ፊቴን ሲያዩት ገባቸው።

«አዎ» አልኩ። ይህን ቃል ለሰው ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

እትዬ አልደነገጡም። አጎታቸውም እንደዚሁ እንደነበሩ ነገሩኝ። ከብት ሲጠፋባቸው በቀንዱና በአካሄዱ ነው የሚናገሩት፤ ቀይ ይሁን ሌላ እሳቸውን የሚጠይቅ የለም፤ በርበሬ ለቀማም አይጠሯቸውም። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ጉዳዬ ብሎ አያነሣውም። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ነገር በእሳቸው ቤት ግራኝ ከመሆን የበለጠ አልነበረም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እትዬም እንዳላዩ ሆነው ኮምፒውተሩን ወደ ራሳቸው አዞሩት።

ለዘመድ አዝማድ የሠርግ ጥሪ ካርድ ስለሚሠሩ የቀለሙን ነገር ከእኛ ከባለሙያዎቹ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። አንድ ቦታ ሲነኩ ስምንት ትንንሽ የቀለም ሣጥኖች ተደርድረው ወጡ። ግራፉ ቀለሙን የሚወስደው ከእነዚህ ነው አሉኝ። አንዱን ሣጥን ሲከፍቱት ሌላ መስኮት መጣ፤ እዚያ ውስጥ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ስንት ቀይ፣ ስንት አረንጓዴ፣ ስንት ሰማያዊ፤ እያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት።

«ቀለም ቁጥር አለው?» አልኳቸው።

«አለው እንጂ። አንተ ቁጥሩን ያዝ፤ ቀለሙን ለኮምፒውተሩ ተወው።»

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እትዬ ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ያደርጉና ይለያሉ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ምን ዓይነት ቀለም ነው አላሉኝም፤ ያን ጥያቄ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት። ይለያሉ ካልኩ ይቀመጣል፤ ካመነታሁ ይጣላል። ለሩዝ ጥቁር ሰማያዊ አደረግን። ለጤፍ ቢጫ መረጥን፤ ነጩ ላይ ፈዘዝ ሲል እትዬ ቁጥሮቹን እየቀነሱ አጠቆሩት። ቢጫ በኮምፒውተር የሚሠራው ከቀይና ከአረንጓዴ መሆኑን ያኔ አየሁ፤ ያልተለዩልኝ ሁለቱ ተጋብተው የሚታየኝን ወለዱ። ለዳጉሳ ጥቁር ሰጠነው። ከዚያ የጤፉን መስመር ቆራርጠን፣ የዳጉሳውን በነጥብ አድርገን፣ የእያንዳንዱን ስም መስመሩ የሚያልቅበት ላይ ጻፍንበት። ሣጥን ማየት ቀረ።

ልናስቀምጠው ስንል መብራት ሄደ። የሠራነው ሁሉ ጠፋ። ቁጥሮቹን ግን አንድ በአንድ ደብተሬ ላይ ጽፌያቸው ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ብቻዬን በአሥር ደቂቃ መለስኩት። ከእንግዲህ የሚሠራ ግራፍ ሁሉ በእነዚያ ቀለሞች እንዲጀምር አድርጌ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ከሰዓት ያለ ማንም እርዳታ ቀለም መረጥኩ።

የመልስ ደብዳቤዬን አንድ ገጽ አድርጌ ጻፍኩ። ምክንያት አልደረደርኩም፤ እውነቱን ነው የጻፍኩት። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ዋናዎቹን የቀበሌ ወረቀቶች አስመጥተው ከግራፉ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመሩ። እኔ ቆሜ ነው። በመስኮቱ የባጃጅ ድምፅ ይገባል። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቁጥሩ ልክ ነው። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ቀለም እንድትመርጥልን አይደለም የቀጠርንህ» አሉ፤ ግምገማው ላይ ጉዳዩን ራሳቸው እንደሚያስረዱ፣ እኔ የተስተካከለውን ለዚያው ተሰብሳቢ እንዳቀርብ ነገሩኝና ደብዳቤውን ፋይሉ ውስጥ ከተቱት።

እንዳሉትም አደረጉ። ግምገማው ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ፤ ሌላ ሰው ምንም አልጨመረም፤ እኔም የተዘጋጀሁበትን ንግግር ሳልናገረው ቀረሁ። ወሩ ሳያልቅ እዚያው አዳራሽ ውስጥ እንደገና ቆምኩ። ቄሱም መጥተዋል። ሰማያዊው መስመር ወፍሮ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የሩዝ ነው አልኩ፤ ሁለተኛ ዞር ብዬ አላየሁትም። ጥያቄ አለ ወይ ስል ቄሱ እጃቸውን አነሡ።

«አሁን ግልጽ ነው» አሉ። «ያን ጊዜማ በመስኮቱ ብርሃን እየገባ እኔም የቱ የቱ እንደሆነ አልታየኝም ነበር። ሩዙ እንደጨመረ ያወቅሁት ከማሳዬ ነው።»

አጠገባቸው የተቀመጡትም ለእነሱም እንዲያ እንደነበር ተናገሩ። ከኋላ ያለው ሰው ግማሹ ግራፎቼን በደንብ ሳያያቸው ሲያጨበጭብልኝ ኖሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ የጠየቀኝ የዞኑ እንግዳም የቀለሞቹን ቁጥር ልዋስ ብሎ በወረቀት ገልብጦ ሄደ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወረድን። ውሃው ውስጥ ተቀምጠን ነገሩን ራሴ አነሣሁላቸው። እንደጠበቅሁት መጠየቅ ጀመሩ፤ ያ ፎጣ ምን ዓይነት ቀለም ነው፣ ያ ቅጠልስ፣ የዚያ ሰውዬ ቁምጣስ? ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈራው ይህንን ነበር። ግማሹን አገኘሁ፤ ግማሹን ሳትኩ፤ እነሱም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወሬው ወደ ደመወዝ ጭማሪ ዞረ። ከውሃው ስወጣ ሰውነቴ ሁሉ ልፍስፍስ ብሎ ነበር። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ ደገፍ አድርጌ፣ ወረታ እስክንገባ ተኛሁ።