ስኳር የታመመው ውሃ

በሥራዬ ሲመጡብኝ አልወድም። ያኔማ ጭራሽ ብሶብኝ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ በነበረች አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪውን የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የመንግሥት ሠራተኛው አንድ ለአምስት ሲደራጅ እኔ አንድ ለመቶ ነበርኩ። የክሊኒኩ ባለቤት ዓረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ደም በራሱ የሚመረምር ማሽን ገዝቶ ያመጣ ዕለት ከኔ በላይ የተደሰተ አልነበረም። የታካሚዎቹን ደም በየቲዩቡ በወረፋቸው ቅደም ተከተል ክብ ሳህን ላይ ደርድሬ ቁልፉን እጫናለሁ። ሳህኑ ይዞራል፣ መርፌው ካንዱ ይቀዳል፣ ራሱን በውሃ ይታጠባል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እኔ እጄን አጣጥፌ ውጤቱ ታትሞ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።

መርፌው የሚታጠብበት የተጣራ ውሃ ከደሴ ነበር በጀሪካን የሚመጣልን። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲበላሽ ጀሪካኑም እዚያው ይቀራል። ታዲያ እኔ ብልጧ ምን አደረግሁ? መርፌው ከአንዱ ደም ወደ ሌላው ሲሄድ ሦስት ጊዜ እንዲታጠብ የተሞላውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ አደረግሁት። ውሃው በረከተ፣ ሥራውም ፈጠነ። ማንም አላዘዘኝም፣ ለማንም አልተናገርኩም። ሰዉ «እጇ ፈጣን ነው» ሲል ደግሞ ደረቴን ነፋሁ።

ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው አንድ ሽማግሌ የላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆሙ። ከወግዲ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ምንም ሳይቀምሱ መጥተው ደም ሰጥተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ወጥቷል። በክሊኒኩ በሽተኞቹን የሚያየው ጤና መኮንንም ኪኒን እንደሚያስጀምራቸውና ዘንድሮ መጾም እንደማይችሉ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ጾም ከጀመሩበት ከልጅነታቸው አንስቶ አንድም ረመዳን አልፏቸው አያውቅም፤ ባለቤታቸው በሞቱበት ዓመት እንኳ ጾመዋል።

«ልጄ፣ ሞቱን አልፈራም» አሉኝ። «ቤተሰቡ ሁሉ ሲጾም እኔ ቁጭ ብዬ ስበላ ልታይ ነው?»

ቢያለቅሱ ኖሮ ማጽናናት አያቅተኝም። ረጋ ብለው ነው የተናገሩት፣ እሱ ነው አንጀቴን የበላኝ። ምላሴ ግን አያርፍም፤ ማሽን አይዋሽም አልኳቸው። አብሽሪ፣ ማሽንሽን አልሰደብኩም ብለው ሳቁብኝና አንዴ እንድደግምላቸው ለመኑኝ።

አርፈው እንዲቀበሉት ውጤታቸውን ላሳያቸው ብዬ መዝገቡን ገለጥኩ። ሁለቱንም ቀን ከሳቸው ስም በላይ የተጻፈው ቁጥር የጉድ ነው፤ ስኳራቸው አናት ላይ ወጥቶ ሰው ደግፏቸው የመጡ በሽተኞች ናቸው። እነዚህን ሰዎች ያውቋቸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ኧረ አላውቃቸውም አሉ። በመጀመሪያው ቀን ወረፋው ላይ አንደኛ እሳቸው ነበሩ፤ አንዲት ሴት ወንድሟ ደግፏት ስትመጣ ተራቸውን ለቀቁላት። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው፣ ለአንድ ጎልማሳ ለቀቁለት። የታመመ ቆሞ እኔ ልቅደም እንዴ? አሉኝ። በእኛ አገር ይህ ወግ ነው፣ ማንም ለምኖ አያስለቅቅም። ለካ ደግ ሰው ሁሉ ተራውን በለቀቀ ቁጥር የሱ ደም ከባሰበት በሽተኛ ደም ኋላ እየተሰለፈ ነበር።

የቀነስኩት እጥበት ትዝ አለኝ። ነገ ጠዋት ሳይበሉ ይምጡ ብዬ ሸኘኋቸውና በሩን ዘጋሁ። በዚያ ቀን ስኳሩ ከሁሉ የበለጠውን ደም ሳህኑ ላይ አኖርኩ፤ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ንጹሕ ውሃ። ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ ውሃው ስኳር አለበት ብሎ አተመልኝ። ውሃ ስኳር ታመመ! የቀደመው ሰው ደም መርፌው ላይ ተርፎ ወደሚቀጥለው እየገባ ነበር፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እጥበቱን ወደ ሦስት መለስኩ። ከዚያም በላይ፣ ተደግፎ ከመጣ በሽተኛ ደም ኋላ ሁልጊዜ አንድ ቲዩብ ንጹሕ ውሃ ላስቀምጥ ቆረጥኩ፤ ውሃው ዜሮ ካላለ የሚቀጥለው ሰው ውጤት አይወጣም። ለጤና መኮንኑ ሄጄ ሁሉን ተናዘዝኩ። ተቆጣኝ። ከትልልቅ ቁጥሮች ኋላ የተመዘገቡትን ሁሉ ስማቸውን ለቅመን እንደገና ጠራናቸው።

በማግስቱ ሽማግሌው ከማንም ቀድመው ደርሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ገና ክንዳቸውን ሳላስር አንዲት ሴት በቃሬዛ ደረሰች፤ ቀና ማለት አቅቷታል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሽማግሌው ብድግ ብለው ቦታውን ለቀቁላት።

ንዴቴ ጣሪያ ነካ። ዛሬ እንኳ? ዛሬ እኮ የርስዎ ጉዳይ ነው! ብዬ ጮህኩባቸው። ከየት አምጥቼ እንደደፈርኳቸው እንጃ።

«መልቀቅ የኔ ፋንታ ነው» አሉኝ። «ማጠቡ ያንቺ ነው።»

የሁለቱንም ደም ቀዳሁ። የሳቸውን ቲዩብ ሳህኑ ላይ ላስቀድመው እችል ነበር፣ ማን ያየኛል? ነገር ግን በሳቸው ላይ ካጭበረበርኩ ነገ ተራውን የሚለቅ ሌላው ሰው ምን ይሆናል? የሴትዮዋን አስቀደምኩ፣ ውሃውን አስከተልኩ፣ የሳቸውን ሦስተኛ አደረግሁ። ሥራዬን አውቃለሁ። የሴትዮዋ ቁጥር ከስድስት መቶ በላይ ወጣ፤ ለጤና መኮንኑ ሮጬ አደረስኩ። ስመለስ ውሃው ዜሮ ብሏል። ከዚያ የሳቸው ወጣ፤ ዘጠና አንድ። ሊሆን የሚገባው።

ጤና መኮንኑ አይቶ የኪኒኑን ማዘዣ ቀደደው። የውጤቱን ወረቀት ይዤ ወደ ሽማግሌው ወጣሁ። ማንበብ አይችሉም፤ ያዩት የኔን ፊት ነው።

«እጾማለሁ?» አሉኝ።

«ይጾማሉ፣ አባባ» አልኳቸው።

አልሐምዱሊላህ ብለው ዱላቸውን አነሱ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።