ማሳውን እንጠይቀው

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ እንደ ልቧ መውጣት በጀመረችበት ሰሞን፣ ባለቤቴ ታሞ የተኛበትን ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ከሣጥን አውጥቼ፣ በሳፋ ውሃ ነክሬ፣ በእግሬ እየረገጥኩ አጠብኩት። ሳሙናው ሲለቀው የመጣው ሽታ ግን የሕመም ሽታ አልነበረም፤ የመድኃኒትም አልነበረም። የእርጥብ በግ ፀጉር ሽታ ነበር፣ ጢስና ጉም የተቀላቀለበት፣ የእናቴ ቤት ሽታ። እግሬ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ይህን ባና በነካሁት ቁጥር አለቅስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ፈገግ አልኩ። ባናው ቤታችን የገባው በዕዳ ምክንያት መሆኑ ትዝ ብሎኝ ነው። ነገሩን ቀስ እያልኩ ልጻፈው።

የተወለድኩት መንዝ ነው፤ ማልደን ከወጣን ረፋድ ላይ ሞላሌ ገበያ ከምታደርሰን መንደር። እኔ ገና ነፍስ ሳላውቅ አያቴ ሞቱና፣ አባቴ የበኩር ልጅ ስለነበር ተዝካራቸውን እሱ አወጣ። በሬ ጥሎ፣ ማር ገዝቶ፣ ካህናቱንና የሦስት ደብር ሰው አብልቶ አጠጥቶ ሸኘ። «ተክሌ የአባቱን ስም አስጠራ» ተባለ። ስሙ ሲጠራ የከረመው በተበደረው ገንዘብ ነበር። ያበደሩት ጎረቤታችን አያ ሽፈራው ነበሩ፤ በግ ነጋዴ፣ የአባቴም የማኅበር ወንድም። ለዕዳውም የደጃችንን ማሳ በወለድ አገድ ያዙ። ወለድ አገድ ማለት እንዲህ ነው፤ አበዳሪው ወለድ አይጠይቅም፣ ማሳውን እያረሰ ምርቱን ይበላል፣ ዋናው ገንዘብ ሲመለስለት ማሳውን ይለቃል። ገንዘቡ ግን ማሳው ማረሻ ሳይነካው መመለስ አለበት። አንዴ ትልም ከወጣበት የዚያ ዓመት እህል የአበዳሪው ነው፤ ባለዕዳው ቁጭ ብሎ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

ሌሎች ማሳዎች ነበሩን፤ ግን ድንጋያምና ሩቅ ነበሩ። የደጁ ማሳ የአመዱና የፋንዲያው መውደቂያ ስለነበር ገብሱ ሰው ያህል ይቆም ነበር። ክረምት ሲመጣ ያ ገብስ ከበራችን ጀምሮ አረንጓዴ ሆኖ ይተኛል፤ እማዬም ዶሮዎቻችንን እግራቸውን በገመድ እያሰረች ከምሰሶ ጋር ታቆራኛቸው ነበር። በገዛ ደጃችን ዶሮዎቻችን ለምን እንደሚታሰሩ ስጠይቃት፣ «የሰው ገብስ ነዋ፣ አስኔ። ዶሮ ወለድ አገድ አይገባት» ትለኝ ነበር።

መስከረም ላይ እሸቱ ሲደርስ አያ ሽፈራው ለወጉ አንድ እቅፍ ይልኩልን ነበር። እማዬ አመስግና ተቀብላ፣ ጠብሳ፣ አሽታ በሰፌድ ታቀርበዋለች። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

«ብላ እንጂ፣ አንተ ሰው» ትለዋለች።

«የገዛ መሬቴን እሸት በምጽዋት አልበላም።»

«ገብሱ ምን አደረገህ? ካኮረፍክ ከድግስህ ጋር ተኳረፍ» ትለውና እኛን ታበላን ነበር።

አባዬ ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ ግን ቶሎ ይፈታ ነበር፤ እንግዳ ባየ ቁጥር በግ የሚታየው ሰው ነበር። ስለዚህ የቤቱን ገንዘብ መያዝ ሳይነጋገሩበት ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ መጻፍ አታውቅም ነበር፤ የነጠላዋ አራት ጫፍ ግን ይበቃት ነበር። ፈትላ የሸጠችው የበግ ፀጉር፣ የእንቁላሉ፣ የቅቤው ገንዘብ ቤት ሲገባ እዚያው ተቀምጣ ታከፋፍለዋለች። አንዱን ጫፍ ለጨው፣ አንዱን ለበርበሬ፣ አንዱን ለሳሙናና ላምባ ትቋጥረዋለች። አራተኛው የማሳው ቋጠሮ ነበር፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቋጠረው እሱ ነው፣ ሲሞላም ወደ መቀነቷ ይዛወራል። የጨው ቋጠሮ ባዶ ሲሆን ጨው የለሽ ወጥ እንበላለን እንጂ ከማሳው ቋጠሮ አይነካም። እኔና ታላቅ ወንድሜ አንድ ነገር ስንለምናት እምቢ ብላ አታውቅም። «ማሳውን እንጠይቀው» ትላለች። ሦስታችንም በበሩ በኩል ወደ ማሳው እናያለን። ዝም ይላል። «አልሰማችሁም? ለዘንድሮ ይቅር አለ» ትለናለች፣ እየሳቀች። እኔ ለብዙ ጊዜ እውነት የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

በጋ የገበያ ወራት ነበር። እማዬ ሞላሌ ስትወርድ ይዛኝ መሄድ ትወድ ነበር፤ እኔም መከተል እወድ ነበር፣ ምንም እንደማትገዛልኝ እያወቅኩ። ስንደርስ አትገዛም። ገበያውን ዳር እስከ ዳር ትዞራለች፤ በርበሬውን ታሸታለች፣ ጨውን ትቀምሳለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ «ይባርክልህ» ብላ ታልፋለች። «መጀመሪያ ዓይን ይግዛ፣ እጅ ይረፍ» የምትለው ነገር ነበራት። ከዚያ ፈትሉን ሸጣ፣ ጥላ ፈልጋ ትቀመጥና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ትጠብቃለች። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ አህያውን መጫን ሲጀምር ትነሣለች። ያን ጊዜ በርበሬው የተሰባበረ ቢሆንም ዋጋው ረክሶ ይገኛል፤ «ተሰብሮ አይደል የሚደቆሰው?» ትላለች። ሳሙናውን ከጎረቤቶቿ ጋር ገዝታ በክር ትቆርጠዋለች። ላምባውን ጭራሹን አቆመችው፤ ጥናታችን በቀን ሆነ፣ ማታ የምድጃው እሳት በቃን።

አንድ የገበያ ቀን ቀይ ሹራብ አየሁ። ነጋዴው በገመድ ላይ ሰቅሎት ነፋስ ያወዛውዘዋል። የእኛ አገር ብርድ የታወቀ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ቤት ስንሄድ ጣታችን እርሳስ መያዝ ያቅተው ነበር። እማዬ ቆም ብላ ሹራቡን በጣቶቿ ዳበሰችው፣ ዋጋውን ጠየቀች፣ ነገራት። ወደ እኔ ዞር ስትል ቀደም ብዬ «ማሳውን እንጠይቀው» አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ቤት እስክንደርስም አልለቀቀችውም።

ሰው ግን ቋጠሮዋን ያይ ነበር። በእኛ አገር ቋጣሪ ማለት ንፉግ ማለት ነው፤ ስሟ ዘነበች መሆኑ እየተረሳ «ቋጣሪዋ» መባል ጀመረች። የሚካኤል ማኅበር ተራ እኛ ቤት በደረሰ ጊዜ አባዬ በግ ሊያርድ ፈለገ፤ እማዬ አንድም በግ አይነካም ብላ ዳቦ ጋግራ፣ ንፍሮ ቀቅላ፣ ጠላ ጠምቃ ጠበቀቻቸው። ጠላው ጌሾው በዛ፣ ብቅሉ አነሰ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ዋንጫውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩና፣

«ዘነበች፣ ምነው ጠላሽ እንዲህ ጠራ? ታቹ ይታያል እኮ!» አሏት።

«ጠላውም ጠራ፣ እኔንም ማሳዬ ጠራኝ፤ ምን ላድርግ፣ አባቴ?» አለች እማዬ፣ እንስራውን እንዳቀፈች።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አያ ሽፈራው ከሁሉም በላይ ሳቁ። አንዱ ግን «እውነትም ቋጣሪ!» ብሎ ሲጨምር አባዬ አቀርቅሮ ወጣ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሲገባ እማዬ ዋንጫ እያጠበች ነበር። «አዋረድሽኝ» አላት። «በል እንግዲህ፣ ክብርህ የት እንዳለ አሳይሃለሁ» ብላ እጁን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችው። ማሳው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። ከዚያ ቀን በኋላ አባዬ በግ እንረድ ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ገበያ ሲሄድ ጠጅ ቤቱን ላለማየት በጀርባው መንገድ ይመለስ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። የማሳው ዕዳ ገንዘብ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጥቂቱን የሚሞሉት ሁለት ሙክቶች ነበሩ፤ እማዬ ለፋሲካ ገበያ አቆይታቸዋለች፣ ምክንያቱም በጾም በግ የሚገዛ የለም፣ ለፋሲካ ግን ዋጋው ይሰቀላል። ማሳው የሚታረሰውም ብዙ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ነበር። የዚያን ዓመት ግን ዝናቡ ቀደመ። ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋት መሬቱ ጠቁሮ፣ ለስልሶ ተገኘ። ገና ቁርሳችንን ሳንበላ የጅራፍ ድምፅ ሰማን። አያ ሽፈራው በሬዎቻቸውን ጠምደው የማሳው ዳር ቆመዋል።

እማዬ ነጠላዋን ሳታጣፋ ሮጠች፣ እኛም ተከተልናት።

«አያ ሽፈራው፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ማረሻውን አያስነኩብኝ!»

«ዘነበች፣ ዝናብ እኮ አንቺን አይጠብቅም። ገንዘቡ ካለ ስጪኝ፤ ከሌለ ልረስ።»

እማዬ እርጥቡ አፈር ላይ ተንበርክካ መቀነቷን ፈታች፤ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ ገንዘቡን ነጠላዋ ላይ ዘረጋችው። ብሮቹ ተጨማደው፣ ቅቤና ጢስ ጠግበው ነበር። አያ ሽፈራው ቆጠሩ። ጎደለ።

«ሁለቱን በጎች ልንዳልህ» አለ አባዬ፣ ከኋላችን ደርሶ።

«አይሆንም!» አለች እማዬ። «ዛሬ የጾም ዋጋ ነው፤ ለዕዳው አይበቁም። ለፋሲካ ይሸጡና ይሞላል። እስከ ፋሲካ ይታገሡን፣ አያ ሽፈራው።»

«እስከ ፋሲካ ብታገሥ የመሬቱ ርጥበት ይታገሣል? በጎቹስ ቢሞቱ?»

በሬዎቹ ይተነፍሳሉ። አባዬ ያን ጊዜ የሠራው ነገር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ጥቁር በርኖሱን ከትከሻው አውርዶ፣ አጣጥፎ፣ ለአያ ሽፈራው ዘረጋላቸው። ያ በርኖስ የአያቴ ነበር፤ በተዝካሩ ዕለትም ለብሶት የቆመው እሱን ነበር።

«መያዣ ይሁንህ» አለ።

አያ ሽፈራው የሚቀበሉት አልመሰለኝም ነበር። ከገንዘቡ ጋር ተቀበሉት። «የምወስደው ነገ በቀረው ገንዘብ ተካክደን ጎረቤትነታችን እንዳይበላሽ ነው» አሉና በርኖሱን ክንዳቸው ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ ጅራፉንና እርፉን ወደ አባዬ ገፉት። «በል፣ ከተጠመዱ አይቀር እረስበት። የመጀመሪያው ትልም ባንተ እጅ ይውጣ።»

አባዬ በቀጭን እጀ ጠባብ፣ በዚያ ብርድ፣ ማሳችንን አረሰ። እማዬ ዳር ተቀምጣ ባዶውን መቀነቷን በእጇ ይዛ ታየው ነበር። አልለቀሰችም፤ «ትልሙን አታጣም፣ አንተ ሰው!» እያለች ትጮህበት ነበር።

በቀረው የሁዳዴ ብርድ አባዬ የእማዬን ጋቢ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለም ነበር። ፋሲካ ሲደርስ እማዬ በጎቹን ከመንዳቷ በፊት ፀጉራቸውን ሸለተቻቸው። ገበያ ላይ ገዢው «ምነው ሴትዮ፣ በጉን አራቁተሽ አመጣሽው?» አላት።

«ሥጋ ነው የምሸጥልህ፤ ፀጉሩን ልትበላው ኖሯል?»

ሸጠች። ከሞላሌ ስንመለስ በቀጥታ አያ ሽፈራው ቤት ገብተን የጎደለውን ከፈልን፤ በርኖሱም ወጣ። ያን ክረምት ዶሮዎቻችን ተፈትተው ዋሉ። ጎተራችን ሲሞላ፣ እማዬ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ወደ ማሳው እያየች «አስኔ፣ ስለ ሹራቡ ጠየቅኩት» አለችኝ። «እሺ አለ።» ቀዩ ሹራብ ተሸጦ ኖሮ ያገኘነው ቡናማ ነበር። እስኪጠበኝ ለበስኩት። የእነዚያን ሙክቶች ፀጉር ደግሞ ከሌላ ጋር ደባልቃ ፈትላ ለሸማኔ ሰጠችው፤ ባና ሆነ። ስዳር ሰጠችኝ።

ዛሬ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ አሰፋ ያን ባና ይወድ ነበር፤ «የቋጣሪ ልጅ» እያለ ይጠራኝ ነበር፣ ደመወዙን ግን በየወሩ መጥቶ እጄ ላይ ያኖር ነበር። ሕመሙ ረጅም ነበርና ዕዳ ትቶልን ሄደ። ተዝካሩ ሲደርስ ዘመዶች ድንኳን ጣይ፣ በሬ ጣይ አሉኝ። ቄሱን አማክሬ ቁርባኑን አስቀደስኩ፣ ዳቦና ንፍሮ ደጀ ሰላም ወስጄ ለነዳያን አካፈልኩ፤ በቃ። ከኋላዬ «ቋጣሪ» ሲባል ሰማሁ። ከእናቴ የወረስኩትን ሁለተኛ ነገር አገኘሁ አልኩ በልቤ። የአሰፋንም ዕዳ፣ ሲመሽ ገበያ እየወጣሁ፣ ሽንኩርቱን ከጎረቤት ጋር በጆንያ ገዝቼ እየተካፈልኩ፣ በዚህ ክረምት ጨረስኩት።

በዚያ ዘመን ዕዳችን ከደጃችን ቆሞ ይታየን ነበር፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው እንሰማው ነበር፣ ስለዚህ አንረሳውም። የዛሬው ዕዳ ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው፤ ድምፅ የለውም። እኔ ግን ያንኑ አደረግኩ፣ ቋጠርኩ። ልጄ ትስቅብኛለች። ባናውን ባጠብኩ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ የምትፈልገው ጫማ እንዳለ ዞር ዞር እያለች ነገረችኝ። ከዚያ እኔ ሳልናገር «ማሳ የለንም እንጂ እንጠይቀው ነበር» አለችኝ።

ሁለታችንም በበሩ በኩል ወደ ውጭ አየን። ግቢው ጠባብ ነው፣ ከዚያ የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ባናው ግን ገመዱ ላይ ተሰጥቶ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ፣ ነፋስ ሲመጣ ቀስ ብሎ ይነሣና ይተኛ ነበር።

«እሺ አለ» አልኳት።