ከአንድ ቤት አንድ ሰው

የሮቤ ሰው ሲጠሩት አይመጣም የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራውን ሰምቶ የአገሬን ሰው የሚያማ እንዳይኖር ነው። ጎባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ለባሌ ሰው እቆረቆራለሁ፣ በባሌ ሰው ደግሞ ቶሎ እናደዳለሁ።

በደርግ ዘመን፣ ድርቁ በበረታበት ወቅት፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሮቤ ላይ ሰው አስተባባሪ አድርጎ ቀጠረኝ። ከደሎ መና ወዲያ ያለው ቆላ ዝናብ አጥቶ፣ ከብታቸው ያለቀባቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው መጠለያ ገብተው ነበር። እህሉና ዘይቱ በመኪና ይወርዳል፤ የጠፋው እጅ ነው። ገንፎ የሚያገነፋ፣ ውሃ የሚያመላልስ፣ አቅም ያነሰውን ልጅ ይዞ የሚያበላ ሰው። መኪናው ሰኞ ከሮቤ ተነሥቶ በጎባና በሳነቴ በኩል ይወርዳል፣ ቅዳሜ ይመለሳል። አንድ ሳምንት ሠርቶ የሚመለስ ሰው ፈልጊ ተባልኩ። ይህቺማ ምን አላት ብዬ ተቀበልኩ።

ከቀበሌ ድምፅ ማጉያ ተዋስኩና በገበያ ቀን መሀል ገበያ ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ "ወጣቶች፣ በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን፣ ኑ" ከማለቴ ወንዱ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። ድንች ሻጩ ድንቹን፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ጥሎ ጠፋ። ዞር ስል የቀሩልኝ አሮጊቶችና አህዮች ናቸው። በንዴት ጨስኩ።

ቤት የተከራየሁት አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነበር፤ አዴ እላቸዋለሁ፣ በኦሮምኛ እናትን እንደሚሉት። ታላቁ ልጃቸው ስብሰባ አለ ተብሎ በዚያው በቀበሌው ማጉያ ተጠርቶ ሄዶ ወታደር ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ደብዛው የለም። የቀራቸው ታናሹ ነው፤ ጢሙን ገና ማብቀሉ ነበር። ያን ቀን ከገበያ ስመለስ አዴ ጎተራቸውን ተደግፈው መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ልጅዎ የት ሄደ?" አልኳቸው።

"ሲናና። አጎቱ ጋ" አሉ፣ አይናቸውን ከመቁጠሪያው ሳያነሡ።

ጎተራው አስነጠሰ።

"ይማርህ" አልኩት ጎተራውን። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። አዴ ግን አልሳቁም፤ ቀና ብለው አዩኝ።

"ኢንታላ" አሉኝ፤ ልጄ ሆይ እንደማለት ነው። "አንዱን በዚያ ማጉያ ጠርተው ወሰዱብኝ። ይሄኛውን አልሰጥም። አንቺም ብትሆኚ አልሰጥሽም።"

ገበያው ለምን እንደተበተነ ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ማጉያ "ፈቃደኛ" የተባለ ልጅ የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ማጉያውን በማግስቱ መለስኩ፤ የምጠራበት ሌላ መንገድ ግን አልታየኝም። ሰኞ መኪናው እህሉን ብቻ ጭኖ ወረደ። ሹፌሩ ሲመለስ፣ አንድ ሰው ብቻ ድስት ላይ ቆሞ ልጆቹ ተራ ሲጠብቁ እንደሚውሉ ነገረኝ። 

በዚያው ሰሞን አዴ ሲናና ያለውን ስንዴያቸውን ለማሳጨድ ደቦ ጠሩ። "ምግብ አቅርቢልኝ" ብለውኝ አብሬያቸው ሄድኩ። ማሳው ላይ ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ከገበያ የሸሸኝ ሰው ሁሉ ማጭድ ይዞ ተሰልፏል። ልብስ ሰፊው ያዜማል፣ ድንች ሻጩ ይቀበላል።

"እናንተ ሰዎች፣ ያ ሩጫችሁ የት ደረሰ?" አልኳቸው።

"ይኸው፣ እዚህ ደረሰ" አለ ልብስ ሰፊው፣ ቀና ሳይል።

አዴ ማንንም በማጉያ አልጠሩም። በየበሩ ሄደው፣ የቤቱን ሰላምታ ሰጥተውና ተቀብለው፣ "ነገ ደቦ አለብኝ" ብለዋል፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው መጣ። ስሙን የጻፈበት የለም። ማታ ሁሉም ቤቱ ይገባል፤ ነገ ደግሞ በተራው ይጠራል፣ አዴም ይሄዳሉ ወይም ይልካሉ። እኔ ጎባ ሳድግ ስበላበት የኖርኩት ነገር ነው።

ለምሳ አረፍ ሲሉ ጩኮውን ማደል ጀመርኩ። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ እሱን የቀመሰ የባሌ ሰው ይቆጣል እንጂ አይጨክንም። አዳርሼ ስጨርስ "እኔም ደቦ አለብኝ" አልኩ።

ሳቁብኝ። "በሬ የለሽ፣ ማሳ የለሽ። እርሻሽ የት ነው?"

"ደሎ መና።"

"ምን በቅሎበታል?"

"ምንም። ለዚያ ነው የምጠራችሁ።" መጠለያውን፣ ድስቱን፣ ተራ የሚጠብቁትን ልጆች ነገርኳቸው።

ሳቁ ቆመ። "ትመልሽናለሽ?" አለ ድንች ሻጩ።

"ቅዳሜ። አብሬያችሁ ወርጄ፣ አብሬያችሁ ነው የምመለሰው።"

ሁሉም ወደ አዴ ዞረው አዩ። አዴ የጩኮውን ባዶ ዕቃ ማንሣት ጀመሩ።

እሑድን በእግሬ በየበሩ ስዞር ዋልኩ። እናቴ ከጎባ ጩኮ አዘጋጅታ ላከችልኝ፤ "ራሷን ማብላት ያልቻለች አገር ልታበላ" የሚል መልእክትም አብሮ ነበር። ሰኞ ጠዋት መኪናው በሚጫንበት የድርጅቱ መጋዘን በር ላይ ልብስ ሰፊው መጣ፣ ድንች ሻጩ ሚስቱን ላከ፣ ሌሎችም እየመጡ መኪናው ላይ ከተጫነው እህል ላይ ወጡ። የአዴም ልጅ የልብስ ጥቅልሉን ይዞ መጥቶ መሀላቸው ተቀመጠ። ወዲያው አዴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከች አሉ።

"ውረድ" አሉት።

ልጁ ወረደ። እሳቸው ካስወረዱት ሌላውም እየተከተለ ይወርዳል ብዬ ክው አልኩ። አዴ ዱላቸውን ለልጁ ሰጡት፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።

"ያዢኝ እንጂ ኢንታላ፣ ምን ታፈጥጫለሽ?"

"አዴ፣ የት ሊሄዱ ነው?"

"ደቦ ጠርተሽ የለ? የኔን ስንዴ ሰው አጭዶልኛል። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ነው። ከኔ ቤት እኔ ነኝ።"

ማንም አልወረደም።

ሳነቴ ላይ ብርዱ አጥንት ሲሰረስር ጋቢያቸውን ለሁለታችን አለበሱን። ሐረና ጫካ ውስጥ ሹፌሩን በየመታጠፊያው እየተቆጡ ቁልቁለቱን አወረዱት። መጠለያው እንደደረስን የማገነፋውን አይተው "ይህ ገንፎ ነው ጠጠር?" አሉና ማማሰያውን ነጠቁኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ አልመለሱልኝም። አልበላ ያለውን ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ጫፍ እያቀመሱ አፉን ያስከፍቱታል። ሐሙስ ላይ ልጆቹ አኮ፣ አያታችን፣ እያሉ በኋላቸው ይጎተቱ ጀመር። ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ሳምንት ነው፤ ስድቡም ጭምር።

ቅዳሜ ስንመለስ ልጃቸው መጋዘኑ በር ላይ ዱላቸውን ይዞ ይጠብቃል። "አየህ፣ ተመለስኩ" አሉት።

በማግስቱ ለሚቀጥለው ሰኞ ሰው ልጠራ ስወጣ አዴ ከበራቸው ጠሩኝ። "የኛን ቤት ዘለልሽው።"

"እርስዎ ገና ትናንት ተመለሱ፤ ይረፉ ብዬ ነው።"

"መንገዱን ሄጄ አይቼዋለሁ። ሰው ይመለስበታል። አሁን ተራው የሱ ነው።" የልጁን ጥቅልል ራሳቸው አሰሩለት።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፉት እኔ አላየሁም፤ ከልጃቸው ጋር ቆላ ነበርኩ። ቅዳሜ መኪናው ሮቤ ሲገባ ግን አዴ የመጋዘኑን ግድግዳ፣ ያኔ ጎተራውን እንደተደገፉት፣ ተደግፈው ቆመዋል። ጎረቤቶቹ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው አሉኝ። ልጁ ከሁሉ ቀድሞ ዘሎ ወረደ፤ ከጸጉሩ እስከ ጫማው አቧራ ነው። ሊስማቸው ጎንበስ ሲል አስነጠሰው።

"ይማርህ" አሉት አዴ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው። ከዚያ አለቀሱ።