ጭስ የራበው ቤት

ማዘጋጃ ቤቱ ለተዘጉ ቤቶች ማደሻ በጀት በያዘበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ደባርቅ ውስጥ በቀን ሥራ የምተዳደር ለሳኝ ነበርኩ። ልስን ያስተማረኝ ሰው የለም። የሌሎችን እጅ ቆሜ እያየሁ፣ የገዛ ቤቴን ግድግዳ እየለሰንኩና መልሼ እያራገፍኩ ነው የለመድኩት።

ቤቶቹ ባለቤቶቻቸው የሞቱ ወይም ወጥተው የቀሩ ናቸው። በራቸው ላይ የዛገ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ጓሯቸውን ሳማ ወርሶታል። መጀመሪያ የተመረጡት ወደ ተራራው ፓርክ፣ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ነበሩ፤ እንግዳ ሲያልፍ ከተማዋ እንድታምር። ሥራው የፊት ለፊቱን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰንና ቀለም መቀባት ብቻ ነበር።

ለእኔ የደረሰኝ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ። በግራ ጎኑ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ከሚሸጡ አንዲት እናት ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሲሚንቶውን ሳቦካ ወጥተው በራቸው ላይ ቆሙ።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ልለስነው ነው፣ እማማ። ቀለምም ይቀባል።»

«ምን ዓይነት?»

«ቢጫ።»

«ይህ ቤት የራበው ጭስ ነው። አንተ ኩል ትኩለዋለህ።»

ፈገግ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። በልቤ ግን የድሮ ሰው ወሬ ነው ብዬ ነበር። ልስኑን በውሃ ልክ እያየሁ፣ ጠርዙን በጣቴ እየዳበስኩ ሦስት ቀን ሠራሁ። ሲያልቅ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁትና ኮራሁ።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ በዚያ ሳልፍ ቢጫው ልስን እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነስቶ አየሁ። በጣቴ ስገፋው አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ እርጥብ ነበር። ከጣራው የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ በእኔ ሲሚንቶ ታስሮ ከርሟል። ቋሚውን በሚስማር ብወጋው ሚስማሩ እስከ ራሱ ገባ፤ እንጨቱን ነቀዝ ጨርሶታል።

እማማ ወደ ውስጥ ጠሩኝ። የጋራው ግድግዳ ወደ እሳቸው በኩል አብጧል። በክር የታሰረች ብረት ቱምቢዬን አንጠልጥዬ ለካሁ፤ ከላይ እስከ ታች አራት ጣት ተዛብቷል። አልጋቸውን ከግድግዳው አርቀው መሐል ቤት አቁመውታል።

«እዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተኝቻለሁ» አሉ፣ ባዶውን ቦታ እያሳዩኝ። «አሁን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እነቃለሁ።»

የሚናገሩት በእኔ ላይ አልነበረም፤ እኔ ግን በራሴ ላይ ሰማሁት።

የዚያ ዓመት በጀት ሲመጣ ቤቱ ይፍረስ ተባለ። ቢፈርስ የጋራ ቋሚዎቹ ይነቀላሉ፤ የእማማ ጣራ ደግሞ ያረፈው በእነሱ ላይ ነው። ብዙ መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ የልስኑን ቁራጭና የተበላውን እንጨት በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩና የጥገና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት።

«ወንድሜ፣ ቢሮዬን ልትለስነው ነው?» አለ።

«የእኔ ሥራ ነው። ተሳስቻለሁ» አልኩት። «የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ አይታፈንም። ጣራው ይደፈን፣ በጓሮ ቦይ ይውጣ፣ የበሰበሱት ቋሚዎች ይለወጡ። ከዚያ እሳት የሚያነድበት ሰው ይግባ። ጭስ የገባውን እንጨት ነቀዝ አይደፍረውም።»

«ለጭስ የተያዘ በጀት አይቼ አላውቅም።»

«ለጥበቃስ?»

መዝገቡን ገለጠ። ለጥበቃ የተያዘ በጀት ነበር።

«በደባርቅ ብርድ እሳት የማያነድ ጠባቂ አለ?» አልኩት። «ጎረቤቲቱን ቅጠሯቸው።»

ሳቀ። «እኒያን አሮጊት? ሌባ ቢመጣ ምን ያደርጉታል?»

«ገበያ ላይ በርበሬያቸውን የነካካ ሰው ምን እንደሚሰማ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ» አለ፣ ሳቁን ገታ አድርጎ። «የነካካሁት እኔ ነበርኩ።»

ጎንደር ላሉት የቤቱ ወራሾች እዚያው ሆኖ ደወለላቸው። ቤቱ እንዳይፈርስ ከሆነ ቁልፉን ስበሩት አሉ። ወረቀቱ ግን ብዙ ጠረጴዛ ዞሮ ነው ያለቀው፤ እኔም በየጠረጴዛው ከረጢቴን ይዤ ዞርኩ።

በበጋው ሲሚንቶዬን ራሴ አራገፍኩ። ጣራውን በግንድ ደግፈን ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ለወጥን፤ ቆርቆሮውን ደፍነን በጓሮ ቦይ አወጣን። ጭቃውን ከጭድ ጋር ቀላቅለን እስኪሸት ተውነው፤ ሳይሸት የተመረገ ጭቃ ይሰነጠቃል። የሰፈሩ ሰው በደቦ ወጥቶ ሲረግጠው እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዙ ነበር።

«አንተ፣ ሰርግ ቤት መሰለህ? ተረከዝህን አሳርፈው!»

ግድግዳው ሲደርቅ እማማ በጠባቂነት ተቀጥረው ምድጃ ጎለቱበት። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በርበሬያቸውን እዚያ ማመስ ጀመሩ። ያን ቀን ከሰፈሩ የማያስነጥስ የለም። ኃላፊው እንኳ ሊያይ መጥቶ ዓይኑን እያሻሸ ወጣ። በተከታዩ ዝርዝር ግን ለሁለት ሌሎች ቤቶች ከቀለም ይልቅ ጠባቂና ቦይ ጽፎላቸዋል፤ ጭቃውን የማስረግጠውም እኔ ነኝ።

በክረምቱ እኩሌታ፣ ጉሙ መንገዱን በሸፈነበት ጠዋት፣ ቱምቢዬን ይዤ ሄድኩ። ጭሱ በክዳኑ ሥር እየሾለከ ይወጣል። የእማማን በር አንኳኳሁ።

«ግድግዳውን ልለካ ነው።»

«እኔ ለክቼዋለሁ» አሉና ከበሩ ገለል አሉልኝ።

አልጋቸው ወደ ቦታው ተመልሷል። ራስጌው ግድግዳውን ነክቶ ቆሟል። ቱምቢውን ለማንጠልጠል አልጋውን ማንቀሳቀስ ነበረብኝ፤ ከኪሴ ሳላወጣው ተመለስኩ።