በዕጣ የወጣች ሊቀመንበር

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ያለቀው ሙጫ ሲደርቅ ስጠብቅ ነው። ከጎሬ በጭነት መኪና ወርጄ ጋምቤላ የገባሁት ማታ ነበር። በማግስቱ የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ታደለ መቀስ፣ ማስመሪያና አንድ ጣሳ ሙጫ አስረከበኝና ፊደል ካርቶን ላይ እንድለጥፍ አዘዘኝ። ለጠፍኩ። ቀትር ሳይሆን ካርቶኑ ሁሉ ተጠቀለለ። መጥቶ አየና፣ ይሄ ጎሬ አይደለም፣ እዚህ ሙጫው ሳይደርቅ ምስጥ ይደርሳል አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሳምንት ሳይሞላ ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩት ሰሌዳ ግማሹ ፊደል ተበልቶ አገኘሁት።

ሥራችን ለጎልማሶች ትምህርት መርጃ መሣሪያ ማዘጋጀት ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሽማግሌው ባልቴቱ ፊደል ይቁጠር ተብሎ አገር የተንቀሳቀሰበት ጊዜ። ባሮ ዳር በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት አዳራሽ ነበረችን። ከሰዓት በኋላ ውስጧ መቀመጥ ቅጣት ነው።

ሦስት ነበርን። ጓድ ታደለ ኃላፊ፣ እኔ ጀማሪ ባለሙያ፣ ኦሞድ ደግሞ ጊዜያዊ አናጢ። ኦሞድ የአኙዋ ልጅ ነው፤ እዚያው ወንዝ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ሥዕል የለመደው በሚሲዮን ሰንበት ትምህርት ቤት። ቅጥሩ ለአናጢነት ይሁን እንጂ ቀለም የሚቀባውም ብሩሽ የሚያጥበውም እሱ ነበር። ቁጥብ ሰው ነው። ሲናደድ ያፏጫል።

ችግራችን ተመራቂዎቹ ነበሩ። ሰዉ ማንበብ ተምሮ የምስክር ወረቀቱን ይቀበልና ዓመት ሳይሞላ ፊደሉን ይረሳል። የሚያነበው ነገር የለማ! መፈክር ስንት ጊዜ ይነበባል? እኔና ኦሞድ ስናወጣ ስናወርድ ቆይተን አንድ ጨዋታ ፈጠርን። ኮምፔልሳቶ ላይ ወንዙን፣ መንደሩንና ማሳውን ሣለ። ተጫዋቾቹ ዕጣ ያወጣሉ፤ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ዓሣ አጥማጅ፣ አንዱ የጤና ረዳት፣ አንዱ ሊቀመንበር ይሆናል። የወጣለትን ሰው ምልክት አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ከዚያ በተራ ካርድ እያነሳ ያነባል፤ ካርዱ ያዘዘውን እንደዚያ ሰው ሆኖ ይናገራል፣ ይሠራል። ሳያነቡ መጫወት የለም።

ጓድ ታደለ ነገሩን ወደደው። ግን አስቀምጦ ነገረን፤ የክፍሉ በጀት ሊቀነስ ነው፣ የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴው ጨዋታውን ካጸደቀው ኦሞድ ቋሚ ይሆናል፣ ካላጸደቀው በሰኔ ይሰናበታል። የኦሞድ ሚስት ያኔ እርጉዝ ነበረች። ኦሞድ ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ የሰሌዳውን ጠርዝ ሲፈገፍግ ዋለ።

ጓድ ታደለ ሌላም ነገር አዘዘ። ኮሚቴው ፊት ከመቅረቡ በፊት ሰው ይሞክረው፣ የተጫዋቾቹም አስተያየት ይሰብሰብ አለ። የደከምኩት እዚህ ላይ ነው፤ ሙጫውስ ምን አለበት።

ለመጀመሪያው ሙከራ ከመጡት ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዷ አጁሉ ናት፣ ገበያ ላይ ዓሣ የምትሸጥ ጎበዝ ሴት፤ ማንበብ ከተማረች ሁለት ዓመቷ። ሌላው አባ ይመር ናቸው፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሽማግሌ። አባ ይመር ዓሣ አጥማጅ ወጣላቸው። በዕድሜያቸው ዓሣ አጥምደው አያውቁም። የመጀመሪያውን ካርድ አነሱና ጣታቸውን እያስኬዱ፣ ቀስ ብለው አነበቡት። «አዞ በላህ። ከጨዋታው ውጣ።»

ወጡ። ጨዋታው እስኪያልቅ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝንባቸውን እሽ ይሉ ነበር።

ሲጨርሱ ተነሳሁና፣ እንግዲህ ያያችሁትን ጉድለት ሳትፈሩ ተናገሩ፣ ሂስ ስጡን አልኩ። ምን ያለ አፍ ነው! በዚያ ዘመን ሂስ የሚባለው ነገር በየስብሰባው ሰው ቆሞ ጥፋቱን የሚናዘዝበት ነው። ቃሉን ሲሰሙ ሁሉም ቀጥ አሉ። አባ ይመር ቀድመው ተነሱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጓዶች፣ ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረጌ በአዞ ተበልቻለሁ» አሉ። «ጥፋቴን አምናለሁ። ወደፊት አይለምደኝም።»

የሳቀ የለም። ቀጥላ አጁሉ ተነሳችና ገበሬ ሆና ማሽላዋን በጊዜ ባለማረሟ ራሷን ወቀሰች። ከዚያ የጤና ረዳቱ። ሁሉም በየተራ ራሱን ወቅሶ ተቀመጠ። ስለ ጨዋታው አንዲት ቃል የተነፈሰ የለም። ኦሞድ ጥግ ላይ ቆሞ ያፏጫል።

ሲበተኑ አብሬያቸው ወጣሁ። መንገዳቸው በወንዙ ዳር ነበር። አባ ይመር ከአዳራሹ ራቅ እስክንል ጠበቁና ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እኔ ከድርቅ አምልጬ እዚህ የደረስኩት በወረቀት ልሞት ነው? ይሁን፣ ብሞትስ፣ የሚቀብረኝ ጎረቤት አጣሁ? አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰልኝም እኮ! ጥግ ጥለውኝ ሲስቁ ዋሉ።»

ትክክል ነበሩ። ጨዋታችን ሰው ገድሎ ዝም የሚል ነበር። ለኦሞድ ነገርኩት። ካርዱን «አዞ መረብህን ወሰደ፣ ከጎረቤትህ መረብ ተዋስ» ብለን ቀየርነው። ከዚያ ወዲህ አስተያየት የምሰበስበው በመንገድ ነበር። በዚያ ሙቀት ከአዳራሹ እስከ ገበያው እየተከተልኩ መሄድ፣ ደግሞ መመለስ። ዛሬ እግሬን የሚያመኝ ከዚያ የተነሳ ነው እላለሁ፤ ሐኪሞቹ አያምኑኝም።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ሊቀመንበርነቱ ለአጁሉ ወጣላት። ምልክቱን አንገቷ ላይ አደረገች። የአባ ይመርን ከዘራ ተቀበለች፣ ደረቷን ነፋች፣ ሳል አለች። ካርዷን አነበበች፤ መንገድ ለመጥረግ ሰው ምደብ ይላል። «አንተ! አንተ! አንቺ!» እያለች ሁሉንም መደበች። አንዱ ተነስቶ፣ የወንድምሽን ልጅ ለምን አልመደብሽም አላት። አጁሉ ወደ ጣሪያው አየት አድርጋ፣ «እሱ አሞታል» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባ ይመር እንባቸውን ጠረጉ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር የወንድም ልጅ የመንገድ ሥራ በመጣ ቁጥር ይታመም እንደነበር የማያውቅ የለም። አጁሉ ሳሉን ራሱ ቁጭ አድርጋዋለች። እኔ ግን ሳቁ ውጭ እንዳይሰማ ፈራሁ። ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ቆርቆሮ ስር፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሰዎቹ በላብ ተጠምቀው አልነሳም አሉ። እንደገና፣ እንደገና ተጫወቱ። ፊደል ረሳሁ ይል የነበረ ሰው እንኳ ካርዱን ከጎረቤቱ ይነጥቅ ነበር፣ ተራዬ ደረሰ ብሎ። በሥራ ዘመኔ ሰው ለማንበብ ሲሻማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኮሚቴው የመጣ ዕለት ሦስት ሰዎች ከፊት ተቀመጡ። መሐል ላይ የተቀመጠው ራሱ የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር። ዕጣው ወጣ። ሊቀመንበር የሆነችው አጁሉ ናት። አይ ጉድ! ከአራት ሰው መሐል ምን ዓይነት ዕጣ ነው?

ኦሞድን አየሁት። አያፏጭም። የፈራሁት በሁለት በኩል ነው። አጁሉ እንደዚያ ቀን ከተጫወተች እሷ ትታሰራለች። ፈርታ ደረቅ ካለች ደግሞ ጨዋታው የሞተ ይመስላል፣ የኦሞድ ቅጥር ይቀራል። አባ ይመር ከዘራቸውን እግራቸው ስር ሲደብቁ አየሁ።

አጁሉ ምልክቱን አንጠለጠለች። ካርዱን አነበበች። ሊቀመንበሩን አየችና እጇን አጣጥፋ፣ «ሁሉም በፈቃዱ ይሥራ» አለች። በፈቃዳቸው ሠሩ። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልሳቀም። ጨዋታው ሩብ ሰዓት ሳይፈጅ አለቀ።

ከዚያ ሂስ ተባለ። አጁሉ ተነስታ እኔ ጥሩ ሊቀመንበር አልነበርኩም፣ እማራለሁ አለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱን ነቀነቀ። ጨዋታው ትምህርታዊ ነው፣ ሰዉም ሥርዓት አለው አለ። ኦሞድ ተነፈሰ። ሊቀመንበሩ ግን አልጨረሰም ነበር።

«አንድ እርማት አለኝ» አለ። «ሊቀመንበርነት በዕጣ የሚወጣ ነገር አይደለም። በየቦታው ሲጫወቱ ይሄን ምልክት የሚይዘው እውነተኛው ሊቀመንበር ይሁን።»

ጓድ ታደለ እርማቱን ተቀበለ። ምን ይበል? ጨዋታው ጸደቀ። ኦሞድ ቋሚ ሆነ፤ ልጁም በዚያው ሰሞን ተወለደች። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። በዚያው ልክ ደግሞ አንጀቴ አርሮ ነበር። አዲሱን ሕግ ይዘን እንደገና ሞከርነው። ሊቀመንበሩ ምልክቱን አንጠልጥሎ ከሰሌዳው ራስ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ተጫዋች ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ተራውን እየጠበቀ አዎ ጓድ፣ እሺ ጓድ ይላል። በመንገድ ስሸኛቸው አባ ይመርን ምን ይሰማዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው። ሆድ ይፍጀው አሉ።

ጨዋታው በብዛት ታትሞ መጣ፣ ለየቀበሌው ተከፋፈለ። እንግዳ ሲመጣ አንድ ጊዜ ይዘረጋል፣ ከዚያ ይቆለፋል። ከዓመት በኋላ ለቁጥጥር ስዞር ሣጥኖቹን ምስጥ ጀምሯቸው አገኘሁ።

የመጀመሪያው ሰሌዳ፣ ኦሞድ በእጁ የሣለው፣ እኛ ዘንድ ቀርቶ ነበር። ኮምፔልሳቶው ለሌላ ሥራ ይፈለግ ስለነበር ተፍቆ ይቀባ ተብሎ ታዘዘ። ኦሞድ ብርጭቆ ወረቀት አለቀብኝ እያለ ሳምንታት አቆየው። አንድ ጠዋት አጁሉ የዓሣ ቅርጫቷን ተሸክማ መጣች።

«ጨዋታውን ስጡኝ» አለች።

አዲሱ ቀበሌሽ አለ አልኳት።

«እሱን አልፈልግም። በዕጣ የሚወጣውን ነው የምፈልገው። ሴቶቹ ይጠይቁኛል።»

ኦሞድ ሰሌዳውን ከግድግዳው አወረደ። ካርዶቹን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ከሰሌዳው ጋር ቅርጫቱ ውስጥ ከታች አደረገ፣ ዓሣውን ከላይ መልሶ ደረደረ። አጁሉ ተሸክማ ስትወጣ ጓድ ታደለ በሩ ላይ ቆሟል። የኮምፔልሳቶው ጠርዝ ከዓሣው ስር ይታያል። ጓድ ታደለ አየው፤ እንዳየው አየሁ። ቀና ብሎ፣ ዓሣው ዛሬ እንዴት ነው አላት። ደህና ነው አለችና ሄደች። ኦሞድ ማፏጨት ጀመረ። የተናደደ አይመስለኝም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር እኖራለሁ። ወጣት ባለሙያዎች የሠሩትን ያሳዩኛል፣ ከኋላው የአስተያየት መጠይቅ አያይዘው። ተጠቃሚው ወዶታል ይሉኛል። እኔ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ቤቴ ልውሰደው ያለ ሰው አለ ወይ? ለአንድ ሥራ የሚሰጠው አስተያየት እሱ ነው።