በሐሳብ መፍተል

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ጥጥ በምትሸጥ ሴት አጠገብ ሳልፍ ፀሐይ ያሞቀው ባዘቶ ክንዴን ነካኝ። ትንሽ አቧራ አቧራ፣ ትንሽ የፍሬ ዘይት ይሸታል። ልገዛ ሳላስብ ዋጋ ጠይቄ ቆምኩ። የእናቴን ቀኝ እጅ ነገር ልነግራችሁ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ከአምበር ወጣ ብላ ባለች መንደር እኔና እናቴ ብቻችንን እንኖር ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ፊደል ከቄስ ተምሬያለሁ፣ ትምህርት ቤት ግን ገብቼ አላውቅም። በመስከረም እንድገባ ተስማምተን ሳለ፣ ግንቦት ላይ አንድ ማለዳ የእናቴ ቀኝ ጎን አልታዘዝ አለ። ሆስፒታል ሰነበትን። እግሯ ቶሎ ተመለሰ፤ እጇ ግን ጭኗ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀመጠ።

ስንወጣ፣ እጇን ታፍታታላት የነበረችው ባለሙያ ለብቻ ጠራችኝ። እናቴ በየቀኑ ዓይኗን ጨፍና የለመደችውን ሥራ በሐሳቧ እንድትሠራ፣ ሐሳቡ ለእጁ መንገዱን እንደሚያስታውሰው ነገረችኝ። እናቴ የለመደችው ሥራ መፍተል ነበር።

እኔ ደግሞ ነገር በግምት ማለፍ አልወድም። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ አስቀምጫት በቃል አስፈትላታለሁ፤ እንዝርቱን ጭንሽ ላይ አሽከርክሪው፣ ግራ እጅሽን ከፍ አድርጊ እያልኩ። ያየችውንም እንድትነግረኝ አደርጋለሁ። አንድ ቀን መሐል ላይ አቆመች። ምነው ስላት ክሩ ተበጠሰ አለች። ቀጥይው አልኳት።

«ቆይ እንጂ፤ አንቺ ደግሞ በሐሳብም ታጣድፊኛለሽ።»

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ግን ዓይኗን አልጨፍንም አለች።

«ዛሬ ሚካኤል ነው።»

«እማ፣ እጅሽ እኮ አይንቀሳቀስም።»

«በልብ ያሰቡት ኃጢአት እንደተሠራ ይቆጠራል ይሉ የለም ቄሱ? ኃጢአቱ ከተቆጠረ ፈትሉም ይቆጠራል።»

ያን ቀን ሳላስፈትላት ዋልኩ። ባለሙያዋም ያለችው ይህንኑ ነበርና። አሁንም በሐሳብ እጅን ስለማሠራት የተጻፈ ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ፤ በበዓል ቀን ምን እንደሚደረግ የሚል ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ሚካኤሉ፣ ኪዳነ ምሕረቱ፣ ማርያሙ፣ መድኃኔ ዓለሙ፣ ባለወልዱ፣ በዚያ ላይ እሑዱ ሲጨመር፣ የምትፈትልበት ቀን ሳሳ። ስለዚህ ለበዓል ሌላ ሥራ ፈለግሁላት፤ ማማተብ። እሷም ወደደችው። በግራ እጇ ማማተብ አፍራ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጎንበስ ብላ ብቻ ትመለስ ነበር።

«በቀኜ ያማተብኩ ዕለት ትምህርት ቤትሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ። «ያን ከቻልኩ እንጀራዬንም ራሴ እጎርሳለሁ፤ አንቺን ምን ያስቀምጥሻል?»

ክረምቱ በዚህ አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራላታለሁ፤ ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ። መጀመሪያ ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ። ቆይቶ ክርኗ።

ጳጉሜን ውስጥ በዋለች እሑድ ዝናቡ አባርቶ፣ የእርጥብ ሣር ሽታ በበሩ ይገባል። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ገና ሳልጠራ እጇ ከጭኗ ተነሣ። ሆዷን አለፈ፣ ደረቷ ላይ ደረሰና ቆመ። ፊቷ በላብ ርሷል።

«ግንባሬ ደረሰ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

አንድ ስንዝር ተኩል ይቀረው ነበር።

«ደረሰ፣ እማ።»

እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«እንግዲያ ነገ ሄደሽ ተመዝገቢ።»

ተመዘገብኩ፤ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ተቀመጥኩ። የእናቴ እጅ ከደረቷ አልፎ አያውቅም። እስክታርፍ ድረስ በግራ እጇ በላች፤ እኔም ለብዙ ዓመት ያታለልኳት እየመሰለኝ ኖርኩ። የታመመው እጇ ብቻ ነበር። ግንባሯ ግን ደኅና ነበር፤ ጣት ቢነካው ያውቅ ነበር፤ እንዳልነካው እያወቀች ነው ተመዝገቢ ያለችኝ።